የአሜን ባዮች ከተማና መከታ የሌለው ጣራ

ፀሐይ ወደ ማደሪያዋ ስታዘቀዝቅ፣ ሠራተኛው አካፋውን አጥቦ፣ ተማሪው ደብተሩን ከድኖ፣ ሁሉም እንደየአቅሙ እፎይ በሚልባት በዚያች ሰዓት፣ እኔ በአከራዬ በእትዬ ወደርየለሽ አዲስ ቤት ጣራ ላይ ቆሜ ጠርዙን ጠርዙን አይ ነበር። ቤቱ ባለ ሦስት ፎቅ ነው። እትዬ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን፣ ከግንበኛ ጋር እየተጨቃጨቁ፣ ከሲሚንቶ ነጋዴ ጋር እየተማማሉ ያቆሙት ቤት፣ በማግሥቱ ሊመረቅ ነው። ጣራው እንደ ዘመኑ ወግ ልሙጥ ሜዳ ስለሆነ ድግሱም የተሰናዳው እዚያው ላይ ነው፤ ድንኳኑ ተተክሏል፤ ወንበሩ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ተደርድሯል። ከጠርዙ ወዲያ ግን መከታ የለም፣ አጥር የለም፣ ገመድ እንኳ የለም። ያለው አየር ነው፤ ከአየሩም በታች የተከመረ ድንጋይና ሽቅብ ያፈጠጠ የፌሮ ብረት።

እትዬ መከታ ጠልተው አይደለም። ወርቃማ ቀለም የተቀባ፣ የአንበሳ ራስ የተቀረጸበት ባለጌጥ ብረት ከባሕር ማዶ አዝዘዋል። እሱ እስኪደርስ ድረስ «እንጨት ምናምን ለጥፌ ቤቴን የዶሮ ቤት አላስመስለውም» ብለዋል። እኔም ያን ዕለት ማታ ከአጠገባቸው ቆሜ ጉሮሮዬን ጠረግኩና ሞከርኩ።

«እትዬ፣ ይኼ ጠርዝ ግን…»

«ምን ሆነ ጠርዙ?»

«አይ… ትንሽ ባዶ ሆነብኝ።»

«አበባ እደረድርበታለሁ። አንተ ደግሞ እንከን ካልፈለግክ እንቅልፍ አይወስድህም!»

«ማለቴ፣ ምናልባት ሰው ድንገት ቢ—»

«አፍህን ያዝ!» አሉ እያማተቡ። «በቤቴ ላይ ልታሟርትብኝ ነው? በምርቃቴ ዋዜማ? በል ቶሎ መልካም ነገር ተናገር!»

«እንኳን ደስ አለዎት» አልኩ።

«እንኳን አብሮ ደስ አለን። እንዲያ ነው የሚባለው!»

እንግዲህ በእኛ አገር ነገሩ እንዲህ ነው። አደጋን ስሟን የጠራ ሰው፣ እሷ ራሷ «አቤት» ብላ የምትመጣ ይመስለናል። ጎማው ያለቀ መኪና ላይ ተሳፍረን ሾፌሩን «በሰላም ያግባህ» እንላለን እንጂ ጎማውን አናነሳበትም። የተከፈተ ጉድጓድ ያየ በጎኑ ያልፋል፤ የገባበት ከተገኘ ደግሞ ሁላችንም ሻማ ይዘን እንመጣለን። እኔስ ብሆን በሰው ሁሉ ላይ ስቀልድ የማልፈራ፣ በሦስት ፎቅ ከፍታ ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር መጨረስ አቅቶኝ ደረጃውን ወረድኩ።

ክፍሌ ከጓሮ ናት። ለድግሱ የተገዛው ቀይ ሰንጋ ከመስኮቴ ሥር ታስሮ ያመነዥካል። እትዬ በማግሥቱ ተነስቼ ከቅዱስ መጽሐፍ ጠቀስ አድርጌ እንግዳውን ፈገግ እንዳሰኝላቸው አዝዘውኝ ነበርና፣ አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ ኦሪትን ከፈትኩ፤ ቀልድ ፍለጋ። በሬና አህያ አብረህ አትጥመድ ይላል። ከሱፍና ከተልባ እግር የተቀየጠ ልብስ አትልበስ ይላል። ይኼ ጥሩ ያስቃል አልኩ። ዝቅ ስል ደግሞ፣ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ ያበጅ ዘንድ፣ ሰው ወድቆ ደም በቤቱ ላይ እንዳይሆን የሚያዝዘውን ሕግ አገኘሁ። «እግዚአብሔር ከመቼ ወዲህ ነው የግንባታ ተቆጣጣሪ የሆነው?» የሚል ቀልድ ወዲያው መጣልኝ። እኔን ግን አላሳቀኝም። ወንበሮቹ፣ ጠርዙ፣ ድንጋዩ እየተመላለሱብኝ መጽሐፉን ደረቴ ላይ እንዳጋደምኩ እንቅልፍ ጣለኝ።

«ተነስ» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ቀና ስል የክፍሌ ግድግዳ እንደ መጋረጃ ተገልጦ ሰንጋው ከእግርጌዬ ቆሟል። ገመዱ በአንገቱ ላይ እንደ መነኩሴ መቁጠሪያ ተንጠልጥሏል፤ በቀንዶቹ መካከል የጨረቃ ብርሃን ያህል ጭላንጭል አርፏል።

«አንተ በሬው አይደለህም እንዴ?»

«አንቱ በለኝ።»

«ምን?»

«አንቱ በለኝ አልኩህ! በዐሥርቱ ትእዛዛት ውስጥ በሬ በስሙ ተጠርቷል፤ አንዴ በሰንበት እንዲያርፍ፣ አንዴ ጎረቤት እንዳይመኘው። አንተስ ስምህ የት ላይ ነው?»

አሰብኩ አሰብኩና «እኔ… ዲግሪ ጭኛለሁ» አልኩ።

«መጫን የአህያ ሥራ ነው። ተነስ!»

«ይቅርታ ጋሼ» አልኩ፣ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ አንቱታ ከአፌ ሳይጠፋ፣ «በሬ ሲናገር ሰምቼ ስለማላውቅ ነው።»

«አህያ ተናግራ ታውቃለች፤ እዚያው ኦሪት ውስጥ። መንገዱ ላይ የተመዘዘ ሰይፍ አይታ ጌታዋን አላሳልፍ ብትለው በበትር ደበደባት። ያየችውን ያየች አህያ እንዲህ ከተደረገች ብለን ሌሎቻችን ዝምታን መረጥን። እኔ ግን ነገ የምታረድ ስለሆንኩ የምፈራው የለኝም። ቀንዴን ያዝ።»

የጋሼ ሰንጋን ቀንድ ያዝኩ። ምድሪቱ ከሥራችን እንደ ምንጣፍ ተጠቀለለች፤ ተራሮች እንደ ጎተራ ተደርድረው አለፉን፤ ወንዞችም እንደ ክር ቀጥነው ከኋላችን ቀሩ። የደረስንባት ከተማ ከሩቅ ስትታይ እንደ ሙሽራ አጊጣለች። ፎቆቿ ከደመና ጋር ትከሻ ለትከሻ ይገፋፋሉ፤ መስኮቶቿ የጀንበሯን ብርሃን ከፋፍለው ይቀባበላሉ። ከውስጧ የሚወጣው ድምፅ እንደ ንብ ቀፎ ያለ እምምታ ነበር፤ ቀርበን ስናዳምጠው «አሜን» ሆኖ ተገኘ። በየመንታ መንገዱ ነጭ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌዎች ክንዳቸውን ዘርግተው ይመርቃሉ፤ ሕዝቡም መዳፉን ወደ ሰማይ ገልብጦ ይቀበላል። ነጋዴው ሚዛኑን ትቶ አሜን ይላል፤ ሾፌሩ መሪውን ለቅቆ አሜን ይላል።

ከዋናው ጎዳና መካከል አንድ ሰፊ ጉድጓድ አፉን ከፍቷል። መንገደኛው በጠርዙ እየተጣበበ ያልፋል። ከጉድጓዱ ጎን አንድ ሽማግሌ በክብ የእንጨት መቆሚያ ላይ ከፍ ብለው፣

«ጉድጓዳችን ማንንም አይዋጥ!» ይላሉ።

«አሜን!» ይላል ሕዝቡ።

«የረገጥነው ይጽና!»

«አሜን!»

«ጋሼ፣ ሽማግሌው የቆሙበት ምንድን ነው?» ስል ጠየቅኩ።

«የጉድጓዱ ክዳን ነው።»

«ታዲያ ለምን አይከድኑትም?»

«ከከደኑትማ ምን ላይ ይቆማሉ? ለምንስ ይመርቃሉ?»

ይህን እየተነጋገርን ሳለ በቀንዱ ላይ ቀይ ጥብጣብ የታሰረለት ኮርማ እያጓራ መጣ። ሰው በየአጥሩ ላይ ተንጠለጠለ፤ አንዲት ሴት ከነዘንቢሏ ዛፍ ላይ ወጣች። ባለቤቱ ከኋላ እየሮጠ «አይዟችሁ፣ የተመረቀ ነው! ሰው አይነካም!» ይላል። ኮርማው በዚያው ቅጽበት አንዱን ከነጃንጥላው አንስቶ ቦይ ውስጥ ከተተው።

«ገፍቶት አይደለም» አለ ባለቤቱ፣ «አሳልፎት ነው።»

ጋሼ ሰንጋ አንገታቸውን ደፉ። «የአክስቴ ልጅ ነው» አሉ። «ሲያድግ እንዲህ አልነበረም።»

«ሕግ የላቸውም እንዴ እነዚህ ሰዎች?»

«ሕጉማ ከእናንተው ጋር አንድ ነው፤ ኦሪት ነው። ጣራህን ከልል፤ ጉድጓድህን ክደን፤ የሚዋጋ በሬህን እሰር፤ በዕውር ፊት ዕንቅፋት አታኑር፤ ከድኃ በመያዣ የወሰድከውን ልብስ ፀሐይ ሳትጠልቅ መልስለት፣ ሌሊቱን ምን ለብሶ ይተኛልና። አያቶቻቸው እንዲህ እንዳለ ተቀብለውት ነበር። የልጅ ልጆቹ ግን ሲያነቡት ደነገጡ። ሕጉ ክፉ ይናገራል አሉ። መውደቅን ያነሳል፣ መወጋትን ያነሳል፣ ደምን ያነሳል። ለባለ አዲስ ቤት ገና ደጁን ሳይረግጥ ‹ሰው ይወድቅብሃል› ይባላል? አሉ። ነውር ሆነባቸው። ስለዚህ ሊቃውንቱ ተሰብስበው ትእዛዙን ሁሉ ወደ ምርቃት ለወጡት። ዛሬ መከታ አብጅ የሚል የለም፤ ከጣራህ ማንም አይውደቅ የሚል ነው ያለው። ያ ሲባል ደግሞ የሚሠራ ሥራ አይኖርም፤ አሜን ማለት ብቻ ነው።»

«ምርቃት መጥፎ ነው እያሉኝ ነው?»

«እኔ እንዲያ ወጣኝ? ባለ እርሻዬ ዘር ሲዘራ ሁልጊዜ ‹አንተ አብቅልልን› ይላል። ግን ካረስን በኋላ ነው የሚለው። ሳያርስ ቢለው ኖሮ እኔ ደስ ይለኝ ነበር፤ እሱ ግን ይራብ ነበር።»

ይህን ብለው በሰፊ ደረጃ ወደ አንድ ቤት ጣራ ይዘውኝ ወጡ። በዚያም የቤት ምርቃት ነበረና፣ አቶ ምንተስኖት የሚባሉ ከፎቃቸው ጋር ሆዳቸውም አብሮ የተገነባ ሰው እንግዶቻቸውን ያስተናግዳሉ። ጣራው ዙሪያውን ባዶ ነው። ፋንታሁን የሚባል ቀልደኛ ፎቶ አንሺ ሰዉን ያሰልፋል፤ ሚስቱ ዘነቡ የመብራቱን ዘንግ ይዛለች።

«እሜቴ፣ ቀና ይበሉ! ከፊት ያላችሁ፣ ፊታችሁን ፍቱት፣ ለቅሶ አይደለም! አቶ ምንተስኖት፣ ሆድዎ ገብቷል፣ እርስዎ ግን ቀርተዋል!»

ሰው ሁሉ ሳቀ።

«ቤቱም ይግባ!» አሉ አቶ ምንተስኖት። «ስንት ላብ የፈሰሰበት ነው!»

«ቤቱም እንዲገባ ትንሽ ወደ ኋላ ልበል።»

ዐይኑን ካሜራው ላይ እንደተከለ ወደ ኋላ ሄደ። ከጀርባው ጠርዙ ነበር። እኛ ፊታችን ወደ እሱ ስለሆነ ሁላችንም እያየነው ነው። እመኑኝ፣ ከእንግዶቹ ያላየ አንድም አልነበረም።

«እግርህን ይጠብቅልህ!» አሉ አንዲት እናት።

«አሜን!» አለና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ።

«ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ!» አሉ ሽማግሌው።

«አሜን!» አለና ሌላ እርምጃ።

ዘነቡ በዘንጉ መብራት ዐይኗ ተጥበርብሮ አላየችም። እኔ አፌን ከፈትኩ። «ቁም» የምትል ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ሳለ፣ በዚያ ደስ ባለው ሕዝብ መካከል ሟርተኛው እኔ ልሆን መሆኑን አሰብኩና «እንኳን ደስ አላችሁ!» ብዬ ጮኽኩ። ፋንታሁን ሳቀልኝ። ከዚያ በቆመበት ቦታ ሰማይ ብቻ ቀረ።

ማንም አልጮኸም። ከታች የመጣውን ድምፅ ላለመስማት ሁሉም በአንድነት ማጨብጨብ ጀመረ።

«ወረደ» አሉ አቶ ምንተስኖት ጉሮሯቸውን ጠርገው።

«ሥራ ቸኩሎ ነው» አለ ሌላው።

ዘነቡ ዘንጉን ጣለች። «ወደቀ! ባሌ ወደቀ እኮ!»

«ተይ እንጂ እህቴ» አሏት ከበው፣ «ክፉ አይወራም። ወረደ በይ።»

ከመካከላቸው ወጥታ እኔን ያዘችኝ። ክንዴ ላይ የጣቶቿ ግለት ዛሬም ይታወቀኛል። «አንተ እንግዳ ነህ፤ አንተ አይተሃል። ምን ሆነ? በላቸው!»

አየኋት። «ወረደ» አልኩ።

ጋሼ ሰንጋ ቀድመውኝ ደረጃውን ወረዱ። ከቤቱ ሥር፣ ፋንታሁን ካረፈበት ድንጋይ የተነሳ የደም እድፍ በግድግዳው ላይ ሽቅብ ሲሄድ፣ ቀለም ቀቢዎች ባልዲያቸውን ይዘው ደርሰው ነበር። በዚያች ከተማ ቀለም ቀቢ ሥራ ፈትቶ አያውቅም።

«ጋሼ» አልኩ፣ «እንግዲያስ እግዚአብሔር ራሱ ሟርተኛ ነው ማለት ነው? አስቀድሞ ውድቀትን የተናገረ እሱ ነውና።»

«አዎ፣ ነው» አሉ ጋሼ ሰንጋ። «ክፉውን የሚናገረው ስለሚመኝልህ መስሎህ ነበር? ስለኔ የተጻፈውን አንብበሃል? በሬ ድንገት ቢዋጋ ባለቤቱ አይጠየቅም፤ ቀድሞ የሚዋጋ መሆኑን ሰው መጥቶ ነግሮት ሳያስረው ቢቀር ግን ይጠየቃል። እስቲ ልብ በል። ሕጉ አንድ ሰው መጥቶ ይናገራል ብሎ ያምናል። አንድ ጎረቤት በማለዳ ተነስቶ፣ ፊት እንደሚነሳ እያወቀ፣ ‹በሬህ መጥፎ ነው› ብሎ ደጅ ያንኳኳል ብሎ ይተማመናል። ያ ጎረቤት ከጠፋ የተጻፈው ሁሉ ዜማ ነው።»

«ያን ጎረቤት እነዚህ ሰዎች ከየት ያመጡታል?»

ጋሼ ሰንጋ በአፍንጫቸው በረጅሙ ተነፈሱ። ትንፋሻቸው ከተማዋን እንደ ማለዳ ጉም ሸፈናት፤ ጉሙም ሲገለጥ ያችው ከተማ ነበረች፣ ዘመኗ ግን ሌላ ነበር። ፎቆቹ ያው ናቸው። በየጣራው ዙሪያ ግን መከታ ቆሟል፤ ያለው በድንጋይ፣ የሌለው በእንጨት። ጉድጓዶቹ ተከድነዋል፤ በክዳናቸውም ላይ ሕፃናት ይዘላሉ። ከከተማው ጫፍ ያለው ማሳ ሲታጨድ ዳር ዳሩ ለድኃ ተትቶ፣ የአጫጆቹ አለቃ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ ቆሟል፤ የሚቃርሙት ሰዎች እንዳያፍሩ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንድ አራጣ አበዳሪ በመያዣ የያዘውን ጋቢ ታቅፎ እያለከለከ ሲሮጥ አየሁ፤ መሽቶበት ነበርና። ሰንበት በሆነ ቁጥር ደግሞ በአደባባዩ አንዲት አህያ እግሯን ዘርግታ ትተኛለች፤ ሰውም በእግሩ ጣት እየተራመደ ያልፋል።

«ማን አደረገው ይህን?»

«ዘነቡ» አሉኝ። «በዚያች ከተማ ስለሌላ ሰው ክፉ መናገር ነውር ነበር። ስለ ራስ እንዳይነገር ግን ማንም አልከለከለም፤ አላሰቡትም። የሚቀጥለው ቤት ሲመረቅ ዘነቡ መጥታ ጠርዙ ላይ ቆመችና ‹እኔ እዚህ ጋ እወድቃለሁ› አለች። ተይ ቢሏት፣ ቢለምኗት፣ ቢመርቋት አሜን አልል አለች። ባለቤቱ በንዴት መከታ አሠራ፤ እሷን ከቤቱ ለማስወጣት ብሎ። ወደሚቀጥለው ቤት ሄደች። ካረጀች በኋላ ሌሎች ቃሉን ከእሷ ተቀበሉት። ና፣ ወግ ሆኖ ታየዋለህ።»

በአንድ አዲስ ቤት ጣራ ላይ ወጣን። እንግዶች ገና ሳይቀመጡ እንደ ሸማች በየጥጉ ተበታትነው ይጯጯኻሉ።

«እኔ በዚህ በኩል እወድቃለሁ!» ይላል አንዱ ረጅም ሰው መከታውን በጭኑ እየለካ። «ይኼ ለአጭር ሰው ነው የተሠራው!»

«አንተ ከቁመትህ ጋር ተጣላ!» ትላለች የቤቱ እመቤት፣ ግን ወዲያው አናጢውን ትጠራለች።

«እኔ ደረጃው ላይ እሰበራለሁ፤ ሦስተኛዋ ታንሸራትታለች!» ይላሉ አንዲት አሮጊት ከታች።

«እግዜር ይስጥልኝ እማማ፣ በደንብ ነው የወደቁልኝ!» ትላለች እመቤቷ።

መራቂው ሽማግሌ ዳር ቆመው ይጠብቃሉ። ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ ጀርባቸውን መከታው ላይ በሙሉ ክብደታቸው ጥለው «ወዳጆቼ፣ ሌላ የሚወድቅ አለ?» ሲሉ ጠየቁ። «የለም!» አለ ሕዝቡ። «እንግዲያው እንመርቅ» አሉና ክንዳቸውን ዘረጉ። ያኔ የተባለውን አሜን በጆሮዬ ሳይሆን በእግሬ ሥር ነው የሰማሁት፤ ጣራው ጸንቶ ነበርና።

«ግን ጋሼ፣ ይህ ሁሉ አጥር፣ ይህ ሁሉ ፍርሃት ሰውን አያስጨንቀውም?» አልኩ፣ የተማርኩት ነገር ዝም አላሰኝ ብሎኝ።

«ልጆቹን ተመልከት። መከታ በሌለበት ጣራ እናት ልጇን በቀሚሷ ጫፍ አስራ መሃል ላይ ትይዘዋለች። እነዚህ ግን እስከ ዳር ድረስ ይሮጣሉ። የትኛው ጣራ ነው የሰፋው?»

ከዚያ ለረጅም ጊዜ ሆዴ የያዘውን ጥያቄ አወጣሁት። «ለእርስዎስ ጋሼ? ከነገው ቢላ የሚያድንዎት ትእዛዝ የለም?»

ጋሼ ሰንጋ ጥቂት አመነዠኩ። «የለም። ከሞት የሚከልል መከታ አልታዘዘልኝም። ግን ሳበራይ አፌ እንዳይታሰር፣ በሰባተኛው ቀን ቀንበር እንዳይነካኝ፣ በመንገድ ላይ ብወድቅ የጌታዬ ጠላት እንኳ እንዲያነሳኝ ታዝዞልኛል። ይህን ሁሉ የተናገረልኝ አለ። አንተስ ለማን ተናገርክ?»

ያን ጊዜ ነቃሁ።

ነግቷል። የቅዳሴው ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። መጽሐፉ ከደረቴ ወርዶ ወለሉ ላይ ተከፍቷል። ከመስኮቴ ሥር ሰንጋው ግድግዳውን እያየ ያመነዥካል፤ «ጋሼ» ብዬ ብጠራቸውም ዞር ብለው አላዩኝም። ያየሁትን ለሰው ሁሉ እናገር ዘንድ ልቤ ቆረጠ። ለሰው ሁሉ ለመናገር ግን በአንድ ሰው መጀመር ነበረብኝ፤ እሳቸውም አከራዬ ናቸው።

እትዬ ወደርየለሽ ግቢው መሃል ቆመው ሠራተኛ ያዝዛሉ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት።»

«ዛሬ ነገር የለም፤ ዛሬ ምርቃት ነው።»

«ዛሬ ከጣራዎ ላይ እኔ እወድቃለሁ።»

ቀስ ብለው ዞሩ። «ማን?»

«እኔ። በመንገዱ በኩል፣ ወንበሮቹ ጠርዝ በነኩበት። ተጫወት ብለውኛል፤ ስጫወት ሰዉ ይስቃል፤ ሰው ሲስቅልኝ ደግሞ ደስ ብሎኝ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እላለሁ። ድንጋዩ ላይ ነው የማርፈው።»

«ጠጥተሃል?»

«ውኃ እንኳ አልቀመስኩም።»

«አፍህን…» ብለው ጀመሩና ቆሙ። በቤታቸው ላይ አላሟረትኩም፤ በራሴ ላይ ነው። ለዚህ የሚሆን ቁጣ ፈልገው ያጡ ይመስል አፋቸው ትንሽ ተከፍቶ ቀረ። እኔም ክፍሌን ልቀቅ እስኪሉኝ እጠብቅ ጀመር። እሳቸው ግን እዚያው የብሎኬት ክምር ላይ ቁጭ አሉ።

«ደምሰው እንዲህ ብሎኝ ነበር» አሉ፣ ወደ እኔ ሳያዩ። ደምሰው ባለቤታቸው ናቸው። «ሰው ሁሉ ድንገት ሞተ ይላል። ድንገት አይደለም። ደረቱን ይዞ ‹ወደርየለሽ፣ እኔ መሞቴ ነው፣ ሐኪም ቤት ውሰጂኝ› ብሎኝ ነበር። እኔ ምን አልኩት መሰለህ? ‹አታሟርት› አልኩት። ‹መልካም ተናገር› አልኩት። እሱም… ሰውዬው ለኔ ብሎ መልካም ተናገረ። ‹ደህና ነኝ› አለ።»

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እትዬ ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉና በአንድ ጊዜ ብድግ አሉ።

«አንተ ሙላት!» ብለው ግንበኛውን ጠሩ፣ መንደሩ እስኪሰማ። «ያንን የተረፈ አጣና ሁሉ ወደ ላይ አውጣ! ሚስማርም፣ ሽቦም!»

«እንዴ እትዬ! ዛሬ? ቤቱን ልናበላሸው ነው እኮ!»

«አበላሸው አልኩህ!»

አበላሸነው። ቅርፊቱ ያልተላጠ አጣና በጣራው ዙሪያ ተማግሮ፣ በሽቦ ተተብትቦ፣ ያ አንጸባራቂ ቤት ገና መሠረቱ የተጣለ መሰለ። እንግዶች መጡ። አንድ ዘመዳቸው ከደጅ ቀና ብለው አይተው «ወደርየለሽ፣ ሳይጨርሱ መመረቅ ተጀመረ እንዴ? መወጣጫው እንኳ አልተነሳለትም!» አሉ፤ ሰዉም ሳቀ። እትዬ ፊታቸው ቀላ፤ ያን ብረት ስንት ወር እንደጠበቁት ማን ያውቅላቸዋል? «እኔ ስለምወድቅ ነው» አሉ። «ግቡ፣ ግቡ።»

ካህኑ ባረኩ፤ እኛም አሜን አልን። ተበላ፣ ተጠጣ፤ ሲመሻሽ ክራሩ ደመቀና ሰው ሁሉ ለጭፈራ ተነሳ። በዚያ ግርግር መካከል፣ በመንገዱ በኩል አጣናው ሲጢጥ ሲል ሰማሁ። አንድ ሰው በሙሉ ጀርባው ተደግፎበት ነበር። ዞር ብዬ ሳይ ግን ተመልሶ ከጨፋሪው ጋር ተቀላቅሏል፤ ሴት ትሁን ወንድ፣ ሽማግሌ ይሁን ሙሽራ አልለየሁትም። እሱ ራሱም ያወቀ አይመስለኝም። እንግዶቹ ስቀው፣ ቤቱን አምተው፣ በየመንገዳቸው ሄዱ፤ ከእነሱም አንዱ እስከ ዛሬ ይበላል፣ ይጣላል፣ ይወልዳል፤ እኛም ማን እንዳልወደቀ አናውቅም።